አንዲት «ት» ያስቀረችኝ ሥራ

እናንተዬ፣ አንዲት ፊደል እንጀራ ታስቀራለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔን አስቀርታኛለች! ድሬዳዋ ለሆቴል መስተንግዶ ሥራ ልፈተን ሄጄ፣ የምሳውን አቀራረብ በእንግሊዝኛ ሳስረዳ «ቡፌት» ብዬ እርፍ! ፈታኞቹ ተያይተው ሳቁ። ሥራውም በዚያው ቀረ።

አንገቴን ደፍቼ ከዚራ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ፈረንሳዮች የዘረጉት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ጎኔ የነበሩ የባቡር ጡረተኛ ጉዴን ሰምተው፣ «አቦ ልጄ! አዲስ አበባ ለገሃር ስትል በፈረንሳይኛ ‘ጣቢያው’ ማለትህ እኮ ነው። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ቡፌም ከዚያው ናቸው። በአማርኛ አስተካክለህ የምትጠራውን በእንግሊዝኛ ምን ነካህ?» አሉኝ።

አጻጻፉ ነዋ! እንግሊዞች ቡፌንና ባሌን ሲወስዱ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ቲ» ይጽፏታል እንጂ አይጠሯትም። ግን ሁሉንም «ቲ» እንዳትውጡ! ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቀድመው የገቡት ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ቀርተዋል፤ «ፎረስት» ላይ «ት» ጥርት ብላ ትሰማለች። ወንበርም «ቼር» ነው፤ ዘግይቶ የገባው የወጥ ቤት ኃላፊ ግን፣ በዚያው «ሲኤች» ተጽፎ፣ «ሼፍ» ይባላል። ደረሰኝ ደግሞ «ሪሲት» ነው፤ «ፒ»ዋን ተዉአት።

ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ግለጡ። ከዚያ በፊት ግን የገዛ ጆሯችሁን ጠይቁ። እኔ ጆሮዬን ንቄ ፊደሉን አመንኩ፤ ዋጋዬን አገኘሁ።