«ስልሳ ቀን አለሽ»

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ የሥራ ፈቃድ ያጣችው በእኔ ምክንያት ነው። ዘመድ አዝማዱ የሚያውቀው ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ «ማመልከቻዋን አዘግይታ ዕድሏን በገዛ እጇ አበላሸችው» ይላል። ይህ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ሲነሳ እሰማለሁ። አንድም ቀን አላረምኩም።

ደንቡን ካላስረዳሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። በኤፍ-1 ቪዛ የተማረ ሰው ሲመረቅ ኦፒቲ የሚባለውን የ12 ወር የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ትምህርቱ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስና ወይም የሒሳብ ከሆነ፣ በኋላ 24 ወር ማስጨመር ይቻላል። እሷ በስታቲስቲክስ ማስተርሷን ስለያዘች ሦስት ዓመት ከፊቷ ነበራት። በዚያ ላይ አሠሪዋ ከፈቀደ በየዓመቱ ኤች-1ቢ ለሚባለው የሥራ ቪዛ ዕጣ ስሟን ሊያስገባላት ይችል ነበር። እዚያው አሜሪካ ማስተርስ ለያዙ ከመደበኛው የ65,000 ቦታ የዓመት ኮታ ሌላ 20,000 ቦታ ተለይቶ ይቀመጣል።

የኦፒቲ ማመልከቻ አይ-765 ይባላል። ትምህርቱ ከሚያበቃበት ቀን 90 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ካበቃም በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ማስገባት ይቻላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ገደብ አለ፦ የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ድጋፏን ሲቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ካስገባችበት ቀን አንስቶ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን መድረስ አለበት። ስልሳው ቀን ገና ቢቀርም ሠላሳው ካለፈ ማመልከቻው ውድቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ልጅቷ የምትማረው ኦሃዮ ነበር፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አይ-20 የሚባለውን፣ የአማካሪዋ ድጋፍ የሠፈረበትን አዲስ የተማሪ ቅጽ እንደተቀበለች ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አማካሪዋ በሠላሳ ቀን ውስጥ ላኪው ብላኛለች» አለች። በትክክል ገብቷት ነበር።

«እነሱ ሥራቸው ማጣደፍ ነው» አልኳት። «ስልሳ ቀን አለሽ። ሥራ ሳታገኚ ከላክሽ ዘጠናው ቀን ይበላብሻል።»

ዘጠናው ቀን ያልኩት እውነት የሆነ ነገር ነው። ኦፒቲ ከተጀመረ በኋላ ያለ ሥራ መቀመጥ የሚፈቀደው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። የሳትኩት ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ነው። የሚቆጠረው ማመልከቻው ከተላከበት ቀን ሳይሆን ፈቃዱ ከሚጀምርበት ቀን ነው፤ ያንን ቀን ደግሞ ከትምህርቱ ማብቂያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የሚመርጠው ራሱ አመልካቹ ነው። ቀድሞ መላክ፣ የሚጀምርበትን ቀን ግን ወደ መጨረሻው መግፋት ይቻል ነበር። እኔ ሁለቱን ቀኖች ደባልቄ አንድ አድርጌያቸዋለሁ። የራሴን ኦፒቲ የላክሁት ከተመረቅሁ ብዙ ሳምንት ቆይቼ ነበር፣ ምንም አልደረሰብኝም። ለምን እንዳልደረሰብኝ አልጠየቅሁም። አይ-20ውን ራሱ ዘግይቼ ስላወጣሁት ከሠላሳው ቀን አላለፍኩም ነበር።

ታዲያ አማካሪዋን ትታ እኔን ለምን ሰማች? ታላቋ ነኝ፣ ያለፍኩበት ነው፣ የምናገረውም በአማርኛ ነው። እኔም ብሆን መጠየቁን እወደው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ቤት ስቀመጥ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ገንዘብ አልቀበልም፣ ማኪያቶዬን ግን ሌላ ሰው ነው የሚከፍልልኝ። ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር የታወቀ ተወካይ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው የኢሚግሬሽን ሕግ ምክር መስጠት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ለሚያስከፍሉት የወጣ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ሜይ አጋማሽ ላይ ተመርቃ ክረምቱን እኔ ጋ መጣች። ጁን ውስጥ አንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሊቀጥራት ተስማማ። ፎርሙን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብረን ሞላን፣ የ410 ዶላር ቼክ ጻፈች፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ አያይዛ በጁን መጨረሻ በፖስታ ላከች። በስልሳው ቀን ውስጥ ነበረች። ከሠላሳው ግን አንድ ወር ያህል አልፋለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ድንቁርና ነው፤ ለሰው ብነግረው ብዙም አላፍርበትም።

ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለሌላ ልጅ ስል የአይ-765ን መመሪያ አወጣሁና እንደ ልማዴ ሳልዘል አነበብኩት። ሠላሳ ቀን የሚለው እዚያው በግልጽ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ የእሷን አይ-20 ፎቶ ከስልኬ ፈልጌ ቀኑን አየሁ።

ያኔ ጊዜው አላለፈም ነበር። ስልሳው ቀን የሚያልቀው በጁላይ አጋማሽ ነው። አማካሪዋ ጋ ደውላ አዲስ ድጋፍ ሲቪስ ላይ ብታስገባላት፣ አዲስ አይ-20 ይዛ፣ ሌላ 410 ዶላር ከፍላ እንደገና መላክ ትችል ነበር። መድኃኒቱ ይኸው ነበር፤ አንድ ስልክ እና አንድ ፖስታ።

እሷ ሳሎን ተቀምጣ ከእናቷ ጋር በቫይበር ታወራ ነበር። «ወንድም ጋሼ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ስትል ሰማሁ። አልነገርኳትም። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ነገ አልኩ። ምናልባት መርማሪው ቀኑን ልብ አይለው ይሆናል፣ ምናልባት እኔ መመሪያውን በትክክል አልተረዳሁት ይሆናል፣ ደግሞ 410 ዶላር ከየት ታመጣለች አልኩ። የመጨረሻው ሰበብ በጣም ያሳፍረኛል፤ ገንዘቡ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ያ ሁሉ ማመካኛ ሲገለጥ ከሥሩ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «አማካሪዋ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቻለሁ» ማለት ከበደኝ። ጁላይ አጋማሽ ዝም እንዳልኩ አለፈ።

ደብዳቤው የመጣው በሴፕቴምበር ነው። አማካሪዋ ድጋፍ ካስገባችበት ቀን በ30 ቀን ውስጥ ስላላመለከትሽ ውድቅ ተደርጓል ይላል። የስልሳው ቀን ጊዜ አልቆ ስለነበር ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሪያም አላገኘችም። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሰው ቀጠረ። በኦክቶበር ደለስ አየር ማረፊያ አደረስኳት፤ መንገዱን ሙሉ «ሰምቼ ብልከው ኖሮ» እያለች ራሷን ስትወቅስ እኔ መሪውን ይዤ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አልኳት። ይህን ቃሌን ሳስታውስ ዛሬም ያንገሸግሸኛል።

ለእሷ የነገርኳት ከዓመታት በኋላ በስልክ ነው። የመጀመሪያውን ምክር ረጅም አድርጌ አወራሁላት፣ ጁላይን ግን ባጭሩ። እሷ የመጀመሪያውን እንዳልሰማች አለፈችው። «እሱን ተወው፣ እኔም ማንበብ እችል ነበር» አለች። «ጁላይ ላይ ስታውቅ እኔ የት ነበርኩ?»

«ሳሎን።»

«እቤት ውስጥ?»

«አዎ።»

ከዚያ ለእናቷ ራሴ እንድነግራት አዘዘችኝ፤ እሷ የእኔን ጥፋት ተሸክማ እንደማትነግርልኝ ገልጻ። አክስቴ በስልክ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልተቆጣችም። ለሌላው ዘመድ እንዳልናገር ለመነችኝ፣ እናቴና እሷ በዚህ እንዳይቀያየሙ ፈርታ። ስለዚህ ወሬው እንደ ድሮው ቀጥሏል፤ ባለፈው የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይም ተነስቶ ነበር አሉ፣ ልጅቷ ባለችበት።

አክስቴ ስደውል ዛሬም ታነሳለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቃለች። ልጇ እንዴት እንደሆነች ስጠይቃት ግን «ደህና ናት» ትልና ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች።