ወፍ ጠባቂ

«በግ ጠባቂ» ስንል በጎቹን ከአውሬ የሚጠብቀውን እረኛ ማለታችን ነው። «ወፍ ጠባቂ» ስንል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወፍ ጠባቂ የሚጠብቀው እህሉን ነው፤ የሚጠብቀውም ከወፉ ነው። ሁለቱ ሐረጎች በአሠራራቸው አንድ ሆነው ሳለ በትርጉም ይህን ያህል መራራቃቸውን ልብ በሉ። እኔ ወፍ ጠባቂ የሆንሁት በ13 ዓመቴ ነው፤ በዚያም ሥራ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስለ ሁለቱም ስሕተቶቼ ላጫውታችሁ።

የተወለድሁት በጌዴኦ፣ ከይርጋ ጨፌ ከተማ ብዙ በማይርቀው በዱመርሶ ነው። አገራችንን ያላየ ሰው እርሻ ሲባል በሜዳ ላይ የተንጣለለ የእህል ማሳ ይታየዋል። የእኛ እርሻ ግን ከሩቅ ሲያዩት ደን ይመስላል። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ኮርቹ ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ከእነርሱ ሥር እንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል፤ በእንሰቱም መካከል ቡናው አለ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከተመሰገነባቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አዋሕዶ የማልማት ጥበብ ነው። በእንዲህ ያለ ጓሮ ያደገ ልጅ ወፍ መጠበቅን አያውቅም። ቡና እንደ ማሽላ የወፍ መንጋ የሚያወድመው ሰብል አይደለም፤ የእንሰትም ምግብ ከግንዱና ከሥሩ ስለሚገኝ፣ የሚያስቸግሩት ጃርትና ፍልፈል እንጂ ወፎች አይደሉም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ግን ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ማሽላ ይዘራ ነበር። አንድ ዓመት ማሽላው ሲያሸት ወፍ የሚጠብቅለት ልጅ አጣና ወደ እናቴ ላከ። እኔም «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ተብዬ ከትምህርት ገበታዬ ተነሥቼ ወረድሁ።

ማማው በአራት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ የተሠራ፣ ከማሽላው ራስ ከፍ ያለ መቆሚያ ነበር። ከዚያ ላይ ሆኜ ድንጋይ እወነጭፋለሁ፤ ጅራፍ አጮኻለሁ፤ ቆርቆሮ እደበድባለሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። ወፉ አብዝቶ የሚበላው ማለዳና ወደ ማምሻው ስለሆነ፣ ገና ሳይነጋጋ ማማው ላይ መገኘት ግድ ነው። ቀትር ላይ እርሱም በግራር ጥላ ያርፋል፤ ጠባቂውም ምሳውን ይበላል። በማሳው መካከል አሮጌ ካፖርት የለበሰ ማስፈራርቾ ቆሞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወፎቹ ፈሩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ትከሻው ላይ ያርፉ ጀመር። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ነቅዬ ሌላ ቦታ እተክለው ነበር። የማይንቀሳቀስ ጠባቂ ለካ ለወፍም መቀለጃ ነው!

ከወፎቹ ሁሉ የከፋው ግሪሳ ነው። ግሪሳን ለብቻው ብታዩት ከድንቢጥ የማይበልጥ፣ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው፤ በመራቢያው ወራት የወንዱ ምንቃር እንደ በርበሬ ይቀላል። ዋና ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ሲሆን፣ እርሱ ሲያጥረው ፊቱን ወደ ሰው ማሳ ይመልሳል። አንዱ ግሪሳ በቀን የሚበላው 10 ግራም ያህል ነው። ይህ ማንንም አያስርብም። ነገር ግን ግሪሳ ብቻውን አይመጣም። እስቲ እርሳሳችሁን አንሡና አስሉት፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በማሳ ላይ ቢሰፍር በቀን 100 ኩንታል ሊበላ ይችላል ማለት ነው። መንጋው ከሩቅ ሲበር ነፋስ የሚያንከባልለው ጭስ ይመስላል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። የትምህርት ቤታችን ፈተና እየቀረበ ስለነበር የሒሳብ ደብተሬን በጋቢዬ ጠቅልዬ ማማው ላይ ወጣሁ። አንዱን የክፍልፋይ ጥያቄ ሠርቼ ወደ ሁለተኛው ተሻገርሁ፤ ሦስተኛው አስቸገረኝ። በዚህ መካከል የነፋስ ሽውታ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል የማሳው ምዕራባዊ ጥግ ጠቁሮ ይንቀሳቀሳል። ወንጭፌን እስካነሣ፣ ድንጋይ እስክፈልግ ድረስ የሆነው ሆነ። ግሪሳው ተነሥቶ ሲሄድ የዚያ ጥግ ማሽላ ባዶ ጭራሮ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

አጎቴ ማምሻውን መጣ። አልመታኝም፤ አልተቆጣኝምም። ባዶዎቹን የማሽላ ራሶች እየቆረጠ ታቅፎ አመጣና ከእግሬ ሥር አኖራቸው። «ሒሳብ ስትሠራ ነበር? እንግዲያው ይህንንም ቁጠርልኝ» አለኝ። 217 ነበሩ። ያም የልጆቹ ቀለብ ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን ፈተናው አመለጠኝ።

ወደ ዱመርሶ የተመለስሁት ወፍ የተባለውን ሁሉ ጠልቼ፣ ወንጭፌንም ይዤ ነው። በማግሥቱ በቡናችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል አየኋትና በአንድ ድንጋይ ጣልኋት። ኮርቼም ለአያቴ ወሰድሁላቸው። አያቴ ወፏን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ቢላዋ አምጣ» አሉኝ። ሆዷን ሰንጥቀው ያለውን በእንሰት ቅጠል ላይ ዘረገፉት። አንድም የእህል ቅንጣት አልነበረበትም። የነበረው አባጨጓሬና የጥንዚዛ ክንፍ ስባሪ ነው። «ልጄ፣ ይህች የቡናችን ጠባቂ ነበረች፤ ቡናውን ከአንተስ ማን ይጠብቅልን?» አሉኝ።

አያቴ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጥላ ሥር በሚለማ ቡናና በአጠገቡ ባለው ደን ውስጥ የሚኖሩትን ወፎች መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በቡናው ውስጥ ያገኟቸው የወፍ ዓይነቶች በደኑ ካገኟቸው ከእጥፍ በላይ ነበሩ። የእኔን ስሕተት በአገር ደረጃ የሠራም አለ። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ድንቢጥ እህል በላተኛ ተብላ እንድትጠፋ ታወጀባት። ሕዝቡም ድስትና ከበሮ እየመታ፣ ወፎቹ ማረፊያ አጥተው ደክመው እስኪወድቁ አሳደዳቸው። ድንቢጦቹ ሲመናመኑ እነርሱ ይበሏቸው የነበሩት ተባዮች በዙ። በ1960 ድንቢጥ ከጠላት መዝገብ ተፋቀችና በምትኳ ትኋን ተጻፈ። በአገራችንም ግሪሳ ሲበረታ በማደሪያው ላይ ከአውሮፕላን መርዝ ይረጫል፤ ይህን ችግር የከፋበት ገበሬ እፎይታ ያገኝበታል። መርዙ ግን እዚያው የሚያድረውን ሌላ ወፍም ሆነ የሞተውን ግሪሳ የሚለቅመውን ጭልፊት አይምርም።

ይህን ስል ወፍን ችላ በሉት ማለቴ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ስለገቡበት ሊመለስ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ለአውሮፕላን ማረፊያም ወፍ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ወደ አጎቴ ማሳ ልመለስ። በሚቀጥለው ዓመት እርሱና ጎረቤቶቹ ተመካክረው ማሽላቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘሩ። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰ ማሳ የአካባቢውን ወፍ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራልና። ጥበቃውንም በተራ አደረጉት፤ ትልልቆቹ ሰዎች ሳይቀሩ ማማ ላይ ወጡ። የእኔ ተራ አራት ቀን ብቻ ነበር። እንደደረስሁ አጎቴ እጁን ዘርግቶ፣ «ደብተርህን ወዲህ በል፤ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ። ሰጠሁት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወፎቹ ተነሥተው ወደ ግራሩ ገቡ። አጎቴ ከሥር ብቅ አለና ደብተሬን ወደ ማማው አቀበለኝ።