ቦይ አንድ ጊዜ ተጠርጎ አይቀርም

የሰው ምኞት ሥራን አንድ ጊዜ ሠርቶ ለዘለዓለም መገላገል ነው። ተማሪ ፈተናውን አልፎ መጽሐፉን ለመዝጋት፣ ባለቤት ጣሪያውን ከድኖ ቀና ብሎ አለማየትን ይመኛል። ነገር ግን ለሕይወት የሚያስፈልጉት ነገሮች አብዛኞቹ በየጊዜው መጠበቅን የሚሹ ናቸው። ይህን ትምህርት የሰጠኝ የገዛ ክንዴ ነው።

ኵላሊቶቼ ሥራቸውን ካቆሙ ወዲህ፣ በምኖርበት በዋሽንግተን ከተማ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ደሜ በመሣሪያ ይታጠባል። ለዚህም ሐኪሞች በግራ ክንዴ ውስጥ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አጋጥመው ሰፍተውታል። ይህን ዘዴ በኒው ዮርክ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ብሬሺያ፣ ሲሚኖና ባልደረቦቻቸው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገለጡት። የደም ቅዳው ብርቱ ግፊት ሲገባበት ደም መልሱ ይሰፋል፤ ግድግዳውም ይወፍራል፤ መርፌንም ደጋግሞ ለመቀበል ይችላል። ጣቴን ሳሳርፍበት ከቆዳዬ ሥር እንደ ንብ ሲርገበገብ ይሰማኛል። ያ መርገብገብ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ምስክር ነውና ጧት ጧት ሳልዳስሰው ከቤት አልወጣም።

አንድ ቀን ግን መርገብገቡ ጠፍቶ እንደ ልብ ትርታ ዶቅ ዶቅ ብቻ ሲል አገኘሁት። በዚያኑ ዕለት ለነርሷ ነገርኋት። ሲመረመርም ደም መልሱ በአንድ ስፍራ ጠቦ ተገኘ። ጨርሶ ቢዘጋ ኖሮ የምኖርበት እጥበት በተቋረጠብኝ ነበር።

የጠበበ የደም ሥርን ሥጋ ሳይሰነጥቁ ከውስጥ መክፈትን የጀመረው ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ የራጅ ሐኪም ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በኦሬገን፣ እግራቸው እንዲቈረጥ እምቢ ያሉትን አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት በዚህ ዘዴ አዳነ። ለእኔም የተደረገው የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ክንዴ ብቻ ደንዝዞ፣ እኔ ነቅቼ ተጋደምሁ። ሐኪሙ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገባ፤ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ጨምሮም ወገቡ በገመድ እንደ ታነቀ ስልቻ የሆነውን ሥር አሳየኝ። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበትን ቱቦ በሽቦው ላይ አሳልፎ ፊኛውን ነፋው። ሥሩ ሲለጠጥ ሕመሙ ጥርስ የሚያስነክስ ነበር። ፊኛው ሲጎድል ግን ሕመሙ ሄደ፤ መርገብገቡም ተመለሰ። በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከመውጣቴ በፊት «ከእንግዲህ አይጠብም?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙም «ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ቢመለስ እንደገና እንከፍተዋለን» አለኝ።

መልሱ አሳዘነኝ። ነገር ግን የአገሬን ገበሬ አሰብሁ። የመስኖ ቦዩን ዘንድሮ ቢጠርግ፣ ጎርፍ ለከርሞ ደለል ይመልስበታል። እርሱ ግን «ድካሜ ከንቱ ቀረ» ብሎ ዶማውን አይጥልም፤ በጠረገው ቦይ ያለፈው ውኃ እህሉን አብቅሎለታልና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ተመልሶ የሚመጣን ችግር ደጋግሞ ማቃናት የመሸነፍ ምልክት አይደለም። ወዳጅነትም፣ ዕውቀትም፣ መልካም ጠባይም ሳይታወቅ በዝግታ እንደ ቦይ ይደፈናሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሳይዘጋ በፊት መጥበቡን ታውቅ ዘንድ በየዕለቱ እጅህን አሳርፍበት። የእኔ ክንድ እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ ሦስተኛም ቢያስፈልግ እዘረጋዋለሁ።