መርካቶን በየተራዋ

መርካቶ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ የሚሄደው የትኛው ተራ ነው? ለታክሲ ሾፌር «መርካቶ ውሰደኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለዓመት የሚሆን በርበሬ የሚሸምት በርበሬ ተራ፣ ጠላ የምትጠምቅ እናት ጌሾ ተራ፣ ጨርቅ ፈላጊ ሸማ ተራ፣ ክፍለ ሀገር ተጓዥ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። እዚህ ሰፈር የቤት ቁጥር የሚጠይቅ የለም፤ አድራሻው የሚሸጠው ዕቃ ነው።

መርካቶን ያቀፈው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሰሜን ከጉለሌ፣ በምሥራቅ ከአራዳ፣ በደቡብ ከልደታ፣ በምዕራብ ከኮልፌ ቀራንዮ ይዋሰናል። ስፋቱ ከሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ግን 255,372 ነዋሪ ተቆጥሮበታል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ30,000 ሰው በላይ ማለት ነው። ይህም እዚያው የሚያድረው ብቻ ነው፤ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣው ነጋዴ፣ ሸማች፣ ደላላና ተሸካሚ አልተጨመረበትም።

የከተማዋ ትልቁ ገበያ ድሮ እዚህ አልነበረም። አዲስ አበቤ ይገበያይ የነበረው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዋን በቆዳ ቀለም የመከፋፈል ዕቅድም አብሮ መጣ። ጊዲ እና ቫሌ የተባሉ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በነደፉት ፕላን የነጭና የጥቁር ሰፈር ተለየ። አራዳ ለአውሮፓውያን ታሰበ፤ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ዛሬ ሳናስብ የምንጠራቸው ሁለት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው፤ ፒያሳ «አደባባይ»፣ መርካቶ ደግሞ «ገበያ» ማለት ነው።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ለመለያየት የተከለለው ስፍራ የመገናኛ ቦታ ሆነ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው፤ የአዛኑና የቅዳሴው ድምፅ በአንድ ሰማይ ስር ይሰማል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ነጋዴ፣ በተለይ ጉራጌው፣ ትንሽ መደብ ይዞ ጀምሮ በእቁብ ሱቅ ከፈተ። ብዙዎቹ ለመስቀል አገራቸው ሲገቡ የመርካቶ ግርግር ጋብ ይላል፤ ያን ሰሞን የሄደ ሰው መርካቶን የሚያቆማት ማን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ከልጆች ጋር የሚሄዱ ከሆነ ምናለሽ ተራን አይለፏት። በየሰፈራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ የሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብረት ብዙው የሚያርፈው እዚያ ነው። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ልጆች «የሚጣል ዕቃ የለም» የሚለውን ትምህርት ከመጽሐፍ ይልቅ ከመዶሻው ድምፅ ይማሩታል።

ይህ ሁሉ እንዳለ አይቆይም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪት በላ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተጠጋግቶ የተሠራ ሱቅና ጠባብ መንገድ ለእሳት እንደሚመቹ ማንም አይክድም። በየቦታው ፎቅ የሚነሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ተራ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጎድል ነገር አለ። በተራ ውስጥ ሱቁ የአንዱ ነጋዴ ቢሆንም ሥራው የጎረቤትም ነው፤ አንዱ ያጣውን ዕቃ ከጎረቤቱ ያመጣል፣ ሲታመም ሱቁን ይጠብቁለታል። ከአደጋ የሚጠብቀው ግንብ ይህን ጉርብትና ይዞ መውጣት ካልቻለ የሚተርፈን ስሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሳይዘገይ ልጆችን ይዞ መሄድ ነው። በጠዋት ይግቡ፣ ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ስልክና ገንዘብ ወደ ውስጥ ኪስ ይክተቱ፣ የልጅዎን እጅ አጥብቀው ይያዙ። ከኋላ «መንገድ! መንገድ!» ሲባል ተሸካሚ ነውና ዞር ይበሉለት። ለአንድ ቀን አንድ ተራ ይበቃል። ሲመለሱ የተራውን ስም ልጆቹ ለአያቶቻቸው ይንገሩ፤ አያት ደግሞ በዘመናቸው እዚያ ምን ይሸጥ እንደነበር ይተርኩላቸዋል።