አሸዋው ስንት ጊዜ ይነሣል?

አዲስ አበባ ላይ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሥራው ለምን እንደተጓተተ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚወቅሰው የቀን ሠራተኛውን ነው። «ሰው አይሠራም» ይላል። እዚህ ለንደን፣ ሳይት ላይ ዕቃ ማስረከብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ወቀሳ መስማት ያንገበግበኛል። ያ ሠራተኛ ሲለፋ ነው የሚውለው። ልፋቱ የሚባክነው አንዱን ዕቃ ደጋግሞ በማንሣት ነው።

የአሸዋውን መንገድ እንከተል። ሲኖትራኩ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይደርሳል፤ በቀን ከባድ መኪና የሚከለከልበት ሰዓት አለና። ግቢው ስለተጨናነቀ አሸዋውን መንገድ ዳር ይገለብጠዋል። ጠዋት በአካፋና በባሬላ ወደ ውስጥ ይገባል። ቦታው ለፌሮ መቁረጫ ሲፈለግ ደግሞ ወደ ሌላ ጥግ ይዛወራል፤ ከዚያ ወደ ሚክሰር፣ ከሚክሰር ወደ ፎቅ። ብሎኬቱም በሰው ትከሻ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ይወጣል። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። እነሱ እስኪደርሱ ላይ ያለው ግንበኛ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ የቀን ሒሳቡ ግን ይቆጥራል።

ለንደን ውስጥ በትልልቅ ሳይቶች መኪና የሚገባው በቀጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ለንደን በርመንዚ የግንባታ ዕቃ ማሰባሰቢያ ማዕከል ተከፍቶ ነበር። አቅራቢዎች እዚያ ያራግፉ ነበር፤ ለየሳይቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ባንድ መኪና ተሰብስቦ ይላክ ነበር። ወደነዚያ ሳይቶች የሚሄደው የመኪና ቁጥር በ68 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። እኔ ይበልጥ የማደንቀው ግን ሸክሙ ከሙያው መለየቱን ነው። ጂፕሰም ቦርዱን የሚያደርስ ሌላ ቡድን ነው፤ ባለሙያው ሲመጣ ዕቃው ሥራው ቦታ ላይ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። ኒውዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲገነባ 10 ሚሊዮን ያህል ጡብ ገብቶበታል። መኪናው ጡቡን በቀጥታ ምድር ቤት ወዳለው ማጠራቀሚያ ያራግፋል። ከዚያ በትንንሽ ፉርጎ ተጭኖ በአሳንሰር ይወጣና በየፎቁ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ እየተገፋ ግንበኛው አጠገብ ይደርሳል።

አዲስ አበባም እንደ ለንደን ዕቃ በቀጠሮ ብቻ ትቀበል ማለት አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ እንዴት እንደጠፋ የምናስታውሰው ነው። በዚህ ሁኔታ ሲገኝ ገዝቶ ማስቀመጥ ሞኝነት አይደለም። የት እንደሚቀመጥ ግን የባለቤቱና የመሐንዲሱ ውሳኔ ነው። ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። አሸዋውና ጠጠሩ የሚራገፍበት፣ ሚክሰሩ የሚቆምበት፣ ፌሮው የሚቆረጥበት ቦታ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በወረቀት ላይ ይወሰን።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን የግንብ ሥራ ሲጀመር ባለቤቶች የዕቃ ማንሻ እንዲከራዩ ነው። «ሰው ርካሽ ነው» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ኪራዩን ከተሸካሚዎቹ ደመወዝ ጋር ብቻ ካነጻጸሩት ውድ ሊመስል ይችላል፤ ቆመው የሚጠብቁትን ግንበኞች ሒሳብ፣ ሲወጣ የሚሰበረውን ብሎኬትና የተጓተተውን የኪራይ ገቢ ጨምረው ያስሉት። የዚያች ብሎኬት ተሸካሚ ሴት ወገብም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።