ከጋዝጊብላ መልስ፦ አራሷ፣ ሕፃኑና አያቲቱ



በዚህ ወር ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ፣ ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ ነው። ወደዚያ አገር የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ከአለት የተፈለፈለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ለማየት፣ ወይም ፍየልና ማር ለመግዛት ነው። እኛን ከቤታችን ያስነሣን ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቅርብ ዘመዳችን በወለደች በአሥረኛው ቀን አእምሮዋ ታወከ። ስሙን የማንጠቅሰው ሆስፒታል ስትተኛ ሕፃኗ ከእርሷ ተለይታ ቤት ቀረች። እኛም የተሻለው ይኸው መስሎን በእጃችን ተቀበልናት፤ የጣሳ ወተት ገዝተን አሳደግናት። እናቲቱ በሰባተኛው ሳምንት ድና ስትመለስ ጡቷ ደርቋል፤ ልጇም እንደ እንግዳ አይታት አለቀሰች። ዛሬ ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱ ሊላህ። ይሁን እንጂ ያ ለቅሶ ከጆሯችን አልጠፋም። ይህንኑ በሰቆጣ ለሚኖር ነጋዴ ወንድማችን ስናጫውተው፣ «እኔ ደግሞ በዚሁ ሕመም ተይዛ ከልጇ ሳትለይ የዳነች አራስ አውቃለሁ። አገሯ ጋዝጊብላ ነው። በአይሱዙዬ የጫንኳቸውም እኔ ነኝ» አለን። ከዚህ በኋላ አልዘገየንም።

ከላሊበላ በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ሽቅብና ቁልቁል ነው። ገደሉ በቀኝ ሲያልቅ በግራ ይጀምራል። አፈሩ ታጥቦ አጥንቱ የቀረ የሚመስል ተራራ፣ በእርከን የተያዘ ማሳ፣ ከድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ይታያሉ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጥንቱ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጁምዓን ሰግደን ያደርነው በወንድማችን ቤት ነው።

የዚህች ከተማ ስም በአገር ደረጃ የሚነሣው በሕፃናት ጉዳይ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ሕፃን ምግብ ሲወራ ስለ እናቱ አእምሮ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። አንዲት አራስ አእምሮዋ ሲታወክ መጀመሪያ የሚራበው ሕፃኑ አይደለምን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነትም ሆነ በ2016 ዓ.ም. ዞኑን የጎዳው ድርቅ በዚህ ላይ የተጨመሩ ናቸው።

በማግሥቱ ወደ ደቡብ ተመልሰን የወረዳው ከተማ ወደሆነችው አስከተማ አቀናን። ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ከቤቱ ደረስን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ እናት ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ሙስሊም መሆናችንን ወንድማችን አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር የገብስ ቆሎና ማር አቀረቡልን። «ልጆቼ፣ ይህ የሚያስከፋችሁ አይደለም፤ ብሉ» አሉን። እኛም እማማ እያልን፣ እርሳቸውም ልጆቼ እያሉን ጨዋታው ቀጠለ። እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ኽምጠኛ ነው የሚናገሩት፤ ለእኛ ሲሉ ግን ወደ አማርኛ ይመለሳሉ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ምራታቸው ጤና ጣቢያ ሄዳ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። በስምንተኛው ሌሊት እንቅልፍ አጣች። በእኩለ ሌሊት ተነሥታ ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች። በነጋታው «ልጄን ለውጠውብኛል፤ ይህ የእኔ አይደለም» አለች። ጡት እምቢ አለች። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ዛር ነው አለ፣ ሌላው ልክፍት ነው አለ። ጸበል ወስደዋት ሰባት ቀን ቆዩ። «እኔ በመካከላቸው ነበር የምተኛው፤ በአንድ እጄ እርሷን፣ በአንድ እጄ እርሱን ይዤ» አሉን እማማ። አንድ ቀን ንጋት ላይ አምልጣ ወደ ገደሉ ሮጠች፤ እረኞች ናቸው የያዟት። አራሷን ልትጠይቅ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ስትሰማ፣ «እማማ፣ ይህ የአራስ ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ» አለቻቸው። የወንድማችን አይሱዙ ፍየል ጭኖ ሊነሣ ሲል የደረሱበት ያን ዕለት ነው። ፍየሎቹ ወርደው እነርሱ ተጫኑ።

ሁለት ቀን ተጉዘው ከደረሱበት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል «ሕፃን አይገባም» ተባሉ። ደንቡ ያለምክንያት የወጣ አይደለም፤ በዚያ ክፍል የተኙ ሌሎች ሕሙማን አሉ፤ እናቲቱ ራሷም በዚያን ሰዓት ለልጇ የምታሰጋ ነበረች። እማማ ግን፣ «ሕፃኑ ከተመለሰ እኔም እርሷም እንመለሳለን» ብለው ከበሩ ላይ ተቀመጡ። የክፍሉ ኃላፊ የነበረችው ነርስ ጥቂት አሰበችና ዕቃ የሚቀመጥበትን አንዲት ጠባብ ክፍል አስጠርጋ አልጋ አስገባችላቸው። ሦስቱም በአንድ አልጋ ሆኑ። ሌሊት በየሰዓቱ አንዲት ነርስ መጥታ ታያቸዋለች። እናቲቱ ስትረጋጋ ነርሷ በአንድ ወገን፣ እማማ በሌላው ወገን ሆነው ሕፃኑን ከጡቷ ያገናኙታል። የምትለውን ነገር በኽምጠኛ ስለምትለው ለሐኪሙ የሚተረጉሙለትም እማማ ናቸው።

«መጀመሪያ እጇ የሰው እጅ ነበር፤ የእርሷ አልነበረም» አሉን። «በአሥራ አንደኛው ሌሊት ልጁ አለቀሰ። እኔ ነቅቻለሁ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ብድግ ብላ አነሣችው። እሹሩሩ አለችው፤ በእኛው ቋንቋ። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ እስኪነጋ አልተንቀሳቀስኩም።»

ምራታቸው እስከዚያ ድረስ በምድጃው አጠገብ ሆና ታዳምጥ ነበር። እርሷ ከዚያ ሁሉ ቀን የምታስታውሰው ምን እንደሆነ ጠየቅናት። «ጠረኑን ነው። ሌላው እንደ ሕልም ሆኖብኛል» አለች።

ይህ ሕመም ምንድን ነው? ብዙ እናቶች በወለዱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እንባ እንባ ይላቸዋል፤ ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከእርሱ የከበደው ድባቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ እናቶች ወደ 20 ከመቶ የሚሆኑት ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ አብዛኛውም ድባቴ ነው። የአስከተማዋን እህት የያዛት ግን ከሁሉም የበረታው ነው። ይህኛው ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይነሣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉና፣ ስሌቱን ለእናንተ እንተወዋለን። ይህ ሕመም ለነገ የማይባል ነው፤ እንደ ምጥ፣ እንደ ደም መፍሰስ ሁሉ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይሻል። ደግነቱ በወቅቱ የታከመች እናት ብዙውን ጊዜ ፈጽማ ትድናለች።

እማማ በጉልበታቸው ያስገኙት ነገር በሌላው ዓለም ስም ያለው የሕክምና ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን አቅራቢያ ባለው ካሰል ሆስፒታል ቶም ሜይን የተባሉ ሐኪም አንዲትን ሕመምተኛ እናት ከልጇ ጋር እንድትተኛ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በአውስትራሊያ እናትና ሕፃን አብረው የሚተኙባቸው ክፍሎች ተከፈቱ። የሕፃኑ አልጋ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ይሆናል፤ እርሷ ባልቻለችበት ሰዓት ነርሶች ያጥቡታል፣ ያበሉታል፤ እየተሻላት ስትሄድ ሥራውን ጥቂት በጥቂት ይመልሱላታል። ሐኪሙም መድኃኒት ሲመርጥ የጡቷን ወተት ያስባል። ለምሳሌ ሊትየም የተባለው መድኃኒት ወደ ወተት በብዛት ስለሚያልፍ ለምታጠባ እናት አብዛኛውን ጊዜ አይመረጥም፤ በሐኪም ክትትል ከማጥባት ጋር የሚሄዱ ሌሎች አሉ።

የእኛን ልብ ይበልጥ የነካው ግን የሕንዱ ነው። በባንጋሎር ከተማ ያለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ክፍል ሲከፍት አልጋዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከእናቲቱና ከሕፃኑ ጋር አንዲት ዘመድ፣ እናቷ ወይም አማቷ፣ አብራ ትቀመጣለች። ይህ እንግሊዞቹ ያላሰቡት ነገር ነው። በእኛ አገር ያለ አስታማሚ ሆስፒታል የሚተኛ ማን አለ? አያቲቱ አለች፤ አንቀልባው አለ፤ የጎደለው አንድ ክፍልና አንዲት ነርስ ነው።

መንገዱም ሩቅ ነው። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የአእምሮ ሕመም ሲጠና ግን የሰዉ ሐሳብ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ አልሆን ሲልም 720 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጣሊያን ዘመን ወደ ተቋቋመው ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል። በዚህ ርቀት ከሕፃን ጋር መለያየት ማለት ለወር መለያየት ማለት ነው።

ነገሩ የእኛም ቤት ነገር ነው። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጁትን አሥር መጠይቆች ተርጉመው ቢጠይቁ ጥያቄዎቹ በገጠሯ እናት ዘንድ እምብዛም አልሠሩም። ጭንቀቷን የምትናገርበት ቃል የራሷ ነውና።

ለቤተሰቦቻችን ደግሞ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አራስ በኒፋሷ ጊዜ ሰላትም ጾምም የለባትም። ደሟ ቆሞ ከታጠበች በኋላ ለሰላት የማትነሣ፣ ልጇን የማታይ፣ ከሰው የምትሸሽ እህት ስትታይ ግን «ኢማኗ ደከመ» የሚላት ይበዛል። አእምሮውን ከሳተ ሰው ላይ ብዕር የተነሣ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ለአራሷ ጊዜ ለምን እንረሳዋለን? ሩቅያ የሚቀራ ይቅራ፤ አያስር፣ አይምታ፣ የሆስፒታሉንም መንገድ አይዝጋ። በካይሮ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ያሠሩት ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ቦታ ነበረው። በሱረቱል በቀራም ስለ ማጥባት በተነገረበት ስፍራ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ መታዘዙን ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። ባሎችም ሆይ፣ ሌሊቱን ተነሥታችሁ ሕፃኑን ያዙላት፤ እንቅልፍ ለአራስ መድኃኒት ነው።

ወደ እማማ ቤት እንመለስ። ያ ሕፃን ዛሬ በጓሮው ጠቦት ያባርራል። እናቱ ደግሞ አምስተኛ ወሯ ነው። አንድ ጊዜ ይህ ሕመም የያዛት እናት ዳግም ስትወልድ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ እርግዝናዋንም ለጤና ጣቢያው አስቀድመው አሳውቀዋል። «ጉልበቴ ደክሟል፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል» አሉን። ወንድማችን፣ «እናቴ፣ መኪናው አለ፤ ኢንሻአላህ በዚያ ሰሞን ከሰቆጣ አልርቅም» አላቸው። ባልዬውም ይህን ጊዜ አብሮ እንደሚሄድ ተናገረ፤ እማማ ግን ፊታቸውን መለስ አደረጉ፣ ሌሊቱን የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸውና።

ስንወጣ ከበሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ፍየል ታስራ አየን። ወንድማችን ነጋዴ ነውና ዋጋዋን ጠየቀ። እማማ ሳቁ፤ «ይህችን እስከ ጥር አልሸጣትም፤ የሆስፒታል ናት» አሉት።