ሐኪም ዘንድ መድረስ ብቻ አይበቃም



እኛ አራት ወንድምና እህት ነን። ሁለታችን ደሴ፣ አንዳችን አዲስ አበባ ስንኖር ታናሻችን ከእናታችን ጋር በደቡብ ወሎ ገጠር ይኖራል። በእናታችን ሕመም የደረሰብንን የምናወጋችሁ በእናንተም ቤት ተመሳሳይ ነገር ይኖር ይሆናል ብለን ነው።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እናታችን ለፈጅር ሲነሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሌሊትም ሦስት ትራስ ካልደራረቡ አይተኙም ነበር። “ብርድ ነው” አሉን፤ አመንን። ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ እያፈሉ ሳምንታት አለፉ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉም የልብ ስፔሻሊስት እንዲያያቸው ወደ አዲስ አበባ ተላክን።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ የቀለለን ግን መንገዱ ነበር። የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም ጎድሎት አንዳችን ደሴ ድረስ ተመለስን። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ሆነ። ለልብ አልትራሳውንድ ሌላ ተራ፣ ሌላ ገንዘብ። ለዚህ ሁሉ አንድ ላምና ሁለት በግ ተሸጡ።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዱን። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ደም የመግፋት አቅሟ ቀነሰ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። የእናታችንን ልብ ያደከመው ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ነበር። መድኃኒቱ ያሽላል፣ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው አሉን። እኛ የሰማነው “ያሽላል” የሚለውን ብቻ ነበር። እብጠቱ ሲጎድል አልሐምዱሊላህ ብለን ወደ አገር ቤት ሸኘናቸው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ “ድኛለሁ” ብለው ቀሩ። በዚያው ዓመት ረመዳን አጋማሽ ላይ ታናሻችን በሌሊት ደወለ። እናታችን መተንፈስ አቅቷቸው ቁጭ ብለው ነበር የሚያድሩት። ሆስፒታል ስናስገባቸው በመሀረባቸው ቋጠሮ ውስጥ ለሁለት ለሁለት የተከፈሉ ኪኒኖች አገኘን። የሦስት ወሩን መድኃኒት ለስድስት ወር ሊያብቃቁት ነበር። የሚያሸናውን ኪኒን ደግሞ በተራዊሕ መሐል ዉዱእ እንዳያስፈታቸው ብለው ጭራሽ ትተውታል። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው “የቀረችውንም ላም ለእኔ ብላችሁ እንዳትሸጡ ብዬ ነው፣ ልጆቼ” አሉን።

አፈርን። ገንዘብ ስለከፈልን ኃላፊነታችንን የተወጣን መስሎን ነበር። እሳቸው የእኛን ወጪ ሲቆጥሩ፣ እኛ የእሳቸውን ኪኒን አልቆጠርንም።

አልሐምዱሊላህ፣ አገገሙ። ያኔ ስፔሻሊስቱን አንድ ነገር ጠየቅን፤ ክትትሉ ሁሉ የግድ አዲስ አበባ መሆን አለበት ወይ? አያስፈልግም አሉን። ደብዳቤ ጻፉልን፤ በየወሩ የደሴ ሐኪም ያያቸዋል፣ አዲስ አበባ የሚሄዱት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ!

ሥራም ተከፋፈልን። አንዳችን ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል እንይዛለን፣ ማኅተሙንም ሳንነሳ እናያለን። አንዳችን መድኃኒቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው እንገዛለን። ታናሻችን በየጠዋቱ በሚዛን ይመዝናቸዋል፤ በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሐኪም እናሳያቸዋለን። ጨው ከወጡ ቀነስን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልም ሆኑ፤ መድኑ የሚጠቅመው ግን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈርን ሥርዓት ለጠበቀ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ኢማማችንን ወስደን አነጋገርናቸው። አላህ ለበሽተኛ ፈቃድ እንደሰጠ፣ የሐኪምን ምክር ሰምቶ ማፍጠርም ጥፋት እንዳልሆነ ነገሯቸው። እናታችን አለቀሱ፤ ግን ተቀበሉ።

ዛሬ በአንድ ትራስ ይተኛሉ። ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ በስንት ትራስ ይተኛሉ? ኪኒናቸውስ ስንት ቀረ? ወላጅ ልጁን ላለማስቸገር ሲል ሕመሙን ይደብቃልና፣ ቀድመን የምንጠይቅ እንሁን። አላህ ሕሙማንን ሁሉ ያሽርልን።